በሕግ አምላክ



ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ዳግማይ ትንሣኤ ነበር። የፋሲካው ዶሮና ድፎ ዳቦ ገና ከየቤቱ አልጠፋም። ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ሊቢያ ውስጥ ሠላሳ የሚያህሉ ወገኖቻችንን፣ ከፊሎቹን በባሕር ዳርቻ አርዶ፣ ከፊሎቹን በበረሃ በጥይት ገድሎ ምስሉን ለዓለም ያሳየው በዚያ ዕለት ነው። አዲስ አበባ ቂርቆስ ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ተቀምጦ አለቀሰ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

በዚያ ሳምንት የተናገርኩትን ልናዘዝ። «እነዚህ ሰዎች አይደሉም» አልኩ፤ ቀጠልኩና «ከእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ አይወጣም» አልኩ። የመጀመሪያውን ሐዘን አናግሮኛልና ይቅር በሉኝ። ሁለተኛው ግን ውሸት ነበር፤ ለዚያውም የታሪክ መጻሕፍት ከተደረደሩበት ግድግዳ ሥር ተቀምጬ።

ውሸትነቱን የሚያሳይ አንድ ታሪክ እነሆ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሊቅ ነበሩ። መጻሕፍት ጽፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜም እንደ ሰንበት ይከበር አይከበር የሚለውን ክርክር አብርደው፣ ይከበር ባዮቹን የአባ ኤዎስጣቴዎስን ደቀ መዛሙርት ከቤተ ክርስቲያን ጋር አስታርቀዋል። እኒሁ አስታራቂ ንጉሥ፣ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ለንጉሥ አንሰግድም ያሉትን መነኮሳት፣ የአባ እስጢፋኖስን ደቀ መዛሙርት፣ ግን አልማሩም። ለእመቤታችንና ለመስቀል አትሰግዱም የሚል ክስም ተጨመረባቸው። ተገረፉ፣ አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ ይላል ገድላቸው። እኔን የሚያስፈራኝ የቀጪዎቹ ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ ለእግዚአብሔር ክብር የቆሙ መስሏቸው ማደራቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላንሣ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን እ.ኤ.አ. በ1975 ሊይዟቸው የመጡ የደርግ ወታደሮች በጥይት መቷቸው፤ ከዚያ ወዲህ በእግራቸው አልቆሙም። ያም ዘመን የራሱ ቀኖና ነበረው፤ መናፍቁን «ፀረ አብዮት» ይለው ነበር። እሳቸው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው የኢትዮጵያን ብራና ሲያነቡና ሲመዘግቡ አሥርት ዓመታት አሳለፉ። የተዋሕዶ ልጅ ነበሩ፤ የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ያወገዘቻቸውን የእነዚያን መነኮሳት ገድል ከግዕዝ ወደ አማርኛ መለሱት። በእንግሊዝኛ ብቻ ቢጽፉት ምሁር ያነበው ነበር። በአማርኛ ሲሆን ግን ዲያቆኑም ካህኑም ያነበዋል፤ ደግሞም ይከፋዋል። ትሕትና የምለው ይህንን፣ የገዛ ቤትን ጥፋት ለገዛ ቤተሰብ መናገርን ነው፤ ሌላው ሲያወራው ፈገግ የሚያሰኝ፣ ራስ ላይ ሲደርስ ግን የሚያንገበግብ ነገር ነው።

ትሕትና ስል ገዳይን ማባበል ማለቴ አይደለም። ወንጀል በሕግ ይጠየቃል። ርኅራኄም ቢሆን ተራ አለው፤ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳያለቅስ ለሟች እናት ይቅርታን የሚሰብክ ሰው ጨካኝ ነው። የቂርቆስ ሙስሊም ጎረቤቶች ምንም አልሰበኩም፤ መጥተው ተቀመጡ።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ደቂቀ እስጢፋኖስን ለተመለከተው መጽሐፋቸው «በሕግ አምላክ» የሚል ስም ሰጡት። በአገራችን በቀደመው ዘመን ይህ ቃል ከተጠራ ዱላ ያነሣ እጅ እንኳ ባለበት ይቆም ነበር። መነኮሳቱ ከሞቱ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ቃሉን የጠራላቸው፣ ከቀጪዎቻቸው ቤተ ክርስቲያን የወጣ፣ በእግሩ መቆም የማይችል ሰው ነበር።