ለባዕድ ስንዴ የተዘጋው በር ለገበሬያችን ይከፈት!

(በየካ ክፍለ ከተማ በነዋሪዎች ውይይት ላይ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



«የውጭ ስንዴ ይከልከል፣ ገበሬያችን ይጠበቅ» ሲባል ሁላችንም እናጨበጭባለን። ማን ይጠላል? የአድዋ ልጅ ተመጽዋች ሲባል የማያመው የለም። ግን ጭብጨባው ሳያልቅ አንድ ነገር እንጠይቅ። ገበሬው የሚጠበቀው ከማን ነው? ከባዕድ እህል ብቻ ነው ወይስ ከአገር ውስጥ አዛዡም ጭምር?

የባዕድ እህል ጉዳት አለው፤ አንካድም። አሜሪካ ትርፍ እህሏን ለሌሎች አገሮች የምታድልበትንና በቀላል ውል የምትሸጥበትን ሕግ በ1946 ዓ.ም. ካወጣች ወዲህ የስንት አገር ገበሬ በርካሽ ስንዴ ገበያ አጥቷል። እኛ ጋስ? 1994 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ሰማዩ ታርቆ በቆሎ ሞልቶ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ገዢ ጠፋና ዋጋው ወደቀ! ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው። በተከታዩ ክረምት ማዳበሪያውን ቀነሰ፤ ዝናቡም ከዳው። በ1995 ዓ.ም. 13 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ያ ትርፍ በቆሎ በጊዜው በእርዳታ ገንዘብ ተገዝቶ ጎተራ ቢገባ ኖሮ!

አሁን ወደ ቅርቡ እንምጣ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. 23 ሺህ ቶን የዩክሬን ስንዴ የጫነች መርከብ ለተራቡ ወገኖቻችን ጅቡቲ ደረሰች። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በየካቲት 2015፣ መንግሥት «ከውጭ መግዛት ቀርቷል፣ ጭራሽ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ጀመርን» አለን። እሰየው! ነገር ግን በዚያው ዓመት የአርሲና የባሌ ገበሬ ስንዴውን በኩንታል 3,200 ብር ለማኅበራት እንዲያስረክብ ተደረገ። ነጋዴው እኮ ከዚያ በላይ ይከፍል ነበር! ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ጤፍም በየኬላው ተያዘ። ዳቦና እንጀራ ለተወደደበት ሸማች ወሬው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆነበት።

ኮታና ኬላ አዲስ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቁርጥ ዋጋ እህል ሲሰበስብ ገበሬው ምን ያህል እንደተማረረ የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። ደርግ ራሱ በ1982 ዓ.ም. ተወው። ደርግ የተወውን ማን አነሳው?

እስቲ ከዚሁ ከየካ ሆነን እንየው። የሰንዳፋና የአለልቱ እህል በደሴ መንገድ፣ በኮተቤ በኩል ይገባል። የሱሉልታና የጎጃሙ ደግሞ የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ ይመጣል። ኬላ ሲታሰር ከጋራው ወዲያ ያለው ገበሬ ገዢ ያጣል። ከጋራው ወዲህ ደግሞ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ ፈረንሳይ ሰፈር የምታወርደዋ እናት በሸጠችበት ገንዘብ የልጆቿን ዳቦ መግዛት ያቅታታል። አንድ ገመድ ሁለቱን ያንቃል!

ክልከላ ብቻውን እህል አያበቅልም። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1987 የውጭ ስንዴ ከለከለች። ስንዴው በጎረቤት አገሮች በኩል በኮንትሮባንድ ገባ፣ ዳቦ ተወደደ፣ እገዳው በ1992 ተነሳ።

እንግዲህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው። አንደኛ፣ በውጭ ስንዴ ላይ እገዳ ሳይሆን ቀረጥ ይጣል፤ በጥጋብ ዓመት ይጨመር፣ በድርቅ ዓመት ይቀነስ። ሁለተኛ፣ ምርት ሲተርፍ የእርዳታ እህል ከገዛ ገበሬያችን ይገዛ። ሦስተኛ፣ ገበሬው ያመረተውን፣ በፈለገው ዋጋ፣ ለፈለገው ይሽጥ፤ እህል በኬላ አይያዝ! ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱ ከንቱ ናቸው። ወደቡን ለባዕድ ዘግቶ ኬላውን በገበሬው ላይ ማሰር ጥበቃ ሳይሆን እስር ነው።