ካርታው በማን ስም ነው?

(በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



 ጸጉራችን ቢሸብትም፣ አንዳንዶቻችን ያለ መነጽር የዛሬን ፕሮግራም ማንበብ ቢያቅተንም፣ ተገናኝተናልና ተመስገን ነው።

የመድረክ መሪው ሲያስተዋውቀኝ «ታዋቂ በጎ አድራጊ» ብሎኛል። አመሰግናለሁ፤ ግን ትንሽ ላስተካክል። እኔ ሀብታም አይደለሁም። ሆስፒታል አላሠራሁም፣ ትምህርት ቤት አልከፈትኩም። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ የሰጠሁት በአብዛኛው ቅዳሜዬን ነው። በአራት በጎ አድራጎት ድርጅቶች ቦርድ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ሁለቱን በሰብሳቢነት መርቻለሁ። ሥራው ምንድነው ብትሉኝ፣ ወረቀት ማንበብና መጠየቅ ነው። በጥብቅና ሙያዬ የምከፈልበትን ሥራ እዚያ በነጻ ሠራሁ እንጂ ሌላ ተአምር የለበትም።

ከዚህ ግቢ የወጡ ሴቶች መንገዱን ቀድመው አሳይተውናል። የሕግ ፋኩልቲያችን በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጥብቅና የወንድ ሙያ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተቋቁሞ ለተበደሉ ሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ መስጠት ጀመረ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ዓመት ሲያሳድግ የማኅበሩ ውትወታ ድርሻ ነበረው። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ኋላ የእናት ባንክ ቦርድ ሰብሳቢ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። እኔም ቦርድ ከሚባል ነገር ጋር የተዋወቅሁት በነጻ የሕግ ምክር በኩል ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በጠበቃነቴ መጀመሪያ ዓመታት ላይ አንዲት ሞግዚት ቢሮዬ መጣች። የምትሠራበት የሕጻናት ማሳደጊያ መሥራች አርፈዋል። ሰውየው ደግ ሰው ነበሩ፤ የገዛ ጥሪታቸውን አፍስሰው፣ ለጋሾች የሰጡትን ጨምረው ግቢውን አሳምረው ሠርተውታል። ነገር ግን ቤቱ በግል ስማቸው ነው፤ የባንክ ሒሳቡም በእሳቸው ፊርማ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሴትዮዋ ወደ እኔ ስትመጣ የወራሾች ክርክር አልቆ ፍርዱ ተሰጥቷል። ዳኛው አልተሳሳቱም። ሟች በስማቸው ያለ ቤት ለልጆቻቸው ይተላለፋል፤ ሕጉ ይኸው ነው። ልጆቹ ተበታተኑ። ወንድምና እህት በተለያየ ቦታ የተመደቡ ነበሩ። «እመቤቴ፣ ምንም ማድረግ አይቻልም?» አለችኝ። አይቻልም ነበር። መጠየቅ የነበረበት ከዓመታት በፊት ነው፤ ድርጅቱ ደግሞ ቦርድ ነበረው። ሰባት የተከበሩ ሰዎች፣ ፎቷቸው ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ!

ከዚያ ወዲህ ቦርድ ግቢ ስባል የመጀመሪያ ጥያቄዬ አንድ ሆነ፦ «ካርታው በማን ስም ነው?»

አንድ ሌላ ማሳደጊያ ቤት ቦርድ ውስጥ ገብቼ ይህንኑ ስጠይቅ ስብሰባው ጸጥ አለ። መሥራቿ አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። አንድ አባል በቁጣ፣ «ምነው፣ እኚህን እናት ልትጠረጥሪ ነው?» አለኝ። መልሴ ቀላል ነበር፤ የማምናቸው እሳቸውን ነው፣ ሞትን ግን አላምነውም። በሳምንቱ ቤታቸው ሄጄ ቡና እየጠጣን፣ «እማማ፣ ዕድሜ ይስጥዎት፤ ግን ከእርስዎ በኋላ እነዚህ ስልሳ ልጆች የት ያድራሉ?» አልኳቸው። ዝም አሉኝ። ሦስት ሳምንት ስልክ አላነሱም። ከዚያ ራሳቸው አስጠሩኝ፤ የወለዷቸውን ልጆች ሰብስበው ጠብቀውኛል። «ልጄ፣ ያልሽውን ወረቀት ጻፊው፤ እነዚህም ይስሙት» አሉ።

ስጦታው ሕጉ በሚጠይቀው ፎርም ተጻፈ፣ ምስክሮች ፈረሙ፣ በውልና ማስረጃ ተመዘገበ። ካርታው በድርጅቱ ስም እስኪዞር ከክፍለ ከተማ ክፍለ ከተማ የተመላለስንበት ከአንድ ዓመት በላይ ነው። የባንክ ፊርማውም ጥምር ሆነ። እማማ ካረፉ በኋላ ቅሬታ ያነሳ ዘመድ አልጠፋም፤ ወረቀቱን ሲያይ ግን ተመለሰ። የቀብሩ ዕለት ልጆቹ ከዚያው ቤት ተነስተው መጡ፤ ማታም ወደዚያው ቤት ተመልሰው በየአልጋቸው ተኙ። በሙያዬ ካሸነፍኳቸው ክርክሮች ሁሉ የሚበልጥብኝ ፍርድ ቤት ያልደረሰው ይህ ጉዳይ ነው።

ለነገሩ ይህ አሠራር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ዕድር አለን አይደል? ዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ድንኳኑ፣ ድስቱና ወንበሩ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። አንድ ጭልፋ ቢጎድል ገንዘብ ያዡ ቄስም ቢሆን ይጠየቃል፤ ማንም «ተጠረጠርኩ» ብሎ አያኮርፍም። ያው ሰው ግን ሚሊዮኖች የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ቦርድ ላይ ሲቀመጥ የሒሳብ መግለጫውን ሳይገልጥ እጁን ያወጣል። ይሉኝታ ይይዘዋል። ይሉኝታ ለጎረቤት መልካም ነው፤ የሰው አደራ ለያዘ ሰው ግን አደገኛ ነው።

ሕጉም ቢሆን ቦርድን ለጌጥ አላስቀመጠውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፣ በመብት ጉዳይ መሥራት የሚፈልጉ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ ብዙዎች ሥራቸውን ለመቀየር ወይም ለማጠፍ ተገደዋል። ያኔ ከአገር ውስጥ መዋጮ መሰብሰብን አስቀድሞ ያሰበ ቦርድ ያለውና የሌለው በግልጽ ተለየ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ያን ገደብ አነሳ፤ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ደነገገ፤ በቦርድ የሚመራ ድርጅት የበላይ አካሉ ቦርዱ መሆኑንም በግልጽ አስቀመጠ። የበላይ ማለት ደግሞ ተጠያቂ ማለት ነው።

እህቶቼ፣ ለእናንተ ለብቻ አንድ ነገር ልጨምር። ቦርድ ስትገቡ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ «አንቺ ጽሑፍሽ ቆንጆ ነው፣ ቃለ ጉባኤ ያዢልን»። እኔ በደስታ እሺ አልኩ። ቃለ ጉባኤ የያዘ ሰው ባለፈው ምን እንደተወሰነ፣ ማን ምን እንደተቃወመ፣ የትኛው ውሳኔ ሳይፈጸም እንደቀረ ከሁሉ የበለጠ ያውቃል። ሁለት ዓመት ከጻፍኩ በኋላ ያለ እኔ ስብሰባው አይሄድም ነበር፤ ሰብሳቢነቱም በዚያው መጣ። ብቻ የቡና ዝግጅቱን ደርባችሁ እንዳትቀበሉ!

ሰብሳቢ ስትሆኑ ደግሞ መውጫችሁን አስቡ። በመራኋቸው ሁለት ድርጅቶች የመጀመሪያ ሥራዬ የአባላት የአገልግሎት ዘመን በመተዳደሪያ ደንቡ እንዲወሰን ማድረግ ነበር፤ የእኔንም ጨምሮ። ጊዜዬ ሲያልቅ «ያለ አንቺ አይሆንም» የሚል ደግ ቃል ሰማሁ። ያለ እኔ የማይሆን ከሆነ ምኑን ሠራሁት? ተተኪዬ ከእኔ በሃያ ዓመት የምታንስ የሒሳብ ባለሙያ ነች፤ እኔ ያላየኋቸውን ነገሮች ታያለች።

ወዳጆቼ፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጠበቃ አለ፣ ሐኪም አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ የባንክ ሰው አለ። ብዙዎቻችን ለተቸገረ ገንዘብ እንሰጣለን፤ እግዜር ይስጠን። ከገንዘቡ በላይ የጠፋው ግን ተቀምጦ ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ነው። እያንዳንዳችን በሰፈራችን ካለ አንድ ማሳደጊያ፣ አንድ የአረጋውያን ቤት ወይም አንድ የተማሪዎች መርጃ ሄደን እንጠይቅ። ካርታው በማን ስም ነው? ቼኩን ስንት ሰው ይፈርማል? ሒሳቡን ማን መረመረው? መሥራቹ ነገ ቢታመም በሩን ማን ይከፍታል? መልስ ካለ አመስግነን እንውጣ። መልስ ከሌለ ወንበር ስበን እንቀመጥ።

 ዛሬ በመካከላችን የሌሉትን ጓደኞቻችንን ነፍሳቸውን ይማርልን፤ እኛንም ለከርሞ በጤና ያገናኘን።