ለወገብ ሕመም በሬ ከመሸጣችን በፊት
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ወገብ ሕመም ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ «ወገቤን» ያላለ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። አባቶች ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ፤ እናቶች 20 ሊትር ጀሪካን፣ ማለትም 20 ኪሎ፣ አዝለው ዳገት ይወጣሉ። ሕመሙ ሲከርምባቸው አንዳንዶች «በሬም ቢሆን ሸጬ ኦፕራሲዮን ልሁን» ይላሉ። እኛ ግን በመጀመሪያ ነገሩን እንወቀው እንላለን።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። ከ10 ታማሚ የ9ኙ ያህል ሕመም ተለይቶ ከታወቀ በሽታ ወይም ጉዳት የመጣ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሕመም ኦፕራሲዮን አያድነውም፤ ሐኪሙ ቆርጦ የሚያወጣው ነገር የለምና።

ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ሲጫንና እግር እየሰነፈ ሲሄድ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ይችላል። ይሁንና ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ነርቭ ሊጎዳ፣ ሕመሙም ሳይለቅ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን «ሳልቀደድ ብቆይ ምን እሆናለሁ? ብቀደድስ የሚሻለኝ እግሬ ነው ወይስ ወገቤ?» ብለን እንጠይቅ። የዲስክ ኦፕራሲዮን ይበልጥ የሚረዳው ወደ እግር ለሚወርደው ሕመም ነውና።

እስከዚያው ምን እናድርግ? አልጋ ላይ መዋል ወገብን ያደክማል፤ በልክ መንቀሳቀስና ሐኪም የሚያሳየንን የሰውነት እንቅስቃሴ ማዘውተር ይበጃል። 20ውን ሊትር በሁለት ምልልስ እናድርገው። ሸክም ስናነሣ ከጉልበታችን እንጠፍ። የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

አሁን የምንለውን ግን ማንም እንዳይዘነጋው። ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቆጣጠር ያቃተው፣ በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው፣ እግሩ የከዳው ሰው በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይድረስ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳትና የጀርባ መጉበጥ ከታዩ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ እንሂድ። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል፤ በጊዜ ከተጀመረ ብዙዎች ያለ ኦፕራሲዮን ይድናሉ። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ለወጌሻ ማሳሸትና ማስረገጥ እስከ ሽባነት ሊያደርስ ይችላል።

እንግዲህ የማኅበራችን ድርሻ ይህ ነው፦ ወገቡ ለጠናበት ጎረቤት ወጣቶች በተራ ውሃ ያምጡለት፤ እግሩ ለከዳውም በሌሊት ቢሆን ቃሬዛ እናንሣ።