ከመለወጥ በፊት መለካት፤ የስሮትል ጠቋሚ ብልሽት አመረማመር



ካርቡራተር የቤንዚን ሞተር ሙሉ ጌታ በነበረበት ዘመን መካኒኩ የሞተሩን ሕመም በጆሮውና በአፍንጫው ይለይ ነበር። ነዳጅ በኮምፒዩተር ትእዛዝ መረጨት ከጀመረ ወዲህ ግን አብዛኛው ነገር በሽቦ ውስጥ ስለሚያልፍ በዓይን አይታይም። በሽቦ ከሚነጋገሩት ክፍሎች አንዱ በአየር ማስገቢያው በር ዘንግ ጫፍ ላይ የተገጠመው፣ መጠኑ ከክብሪት ቀፎ ብዙ የማይበልጠው የስሮትል ጠቋሚ ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በሩ ምን ያህል እንደተከፈተ ለኮምፒዩተሩ መንገር።

ይህ ትንሽ ዕቃ ለንግግር ርእስ የበቃው ያለ በቂ ምርመራ ሲለወጥ በየጋራዡ ስለሚታይ ነው። የመመርመሪያው መሣሪያ ይሰካል፤ ፒ 0120 ወይም ፒ 0122 የሚል ቁጥር ይወጣል፤ «ሴንሰሩ ሞቷል» ይባላል፤ ባለመኪናውም ወደ ሶማሌ ተራ ይላካል። እዚያ የሚያገኘው ከሌላ መኪና የተፈታ፣ በእርጅና ከራሱ የማይሻል ዕቃ ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ደግሞ አንዴ ከተገጠመ በኋላ ሻጩ መልሶ ለመቀበል ፈቃደኛ አይሆንም። በታክሲ ለሚተዳደር ሰው ይህ ከቤት ወጪው ላይ የሚቀነስ ገንዘብ ነው፤ ሕመሙ በማግሥቱ ሲመለስ ደግሞ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን በባለሙያው ላይ የነበረውን እምነትም ያጣል።

ኮዱ ከሳሽ እንጂ ዳኛ አይደለም። ፒ 0122 ማለት የምልክቱ ቮልቴጅ ከሚገባው በታች ወርዷል ማለት ብቻ ነው፤ ለምን እንደወረደ አይናገርም። ጠቋሚው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ 5 ቮልት የሚያመጣው ሽቦ ተበጥሶ ወይም የምልክቱ ሽቦ ተልጦ ከሞተሩ ብረት ጋር ተነካክቶም ሊሆን ይችላል፤ ሶኬቱ ውኃ ገብቶበት ዝጎም ሊሆን ይችላል። (ሞተርን በግፊት ውኃ የሚያጥቡ ላቫጆዎች ለዚህ የሚያደርጉት አስተዋጽኦ ራሱን የቻለ ንግግር ይወጣዋል።)

የጠቋሚውን አሠራር የድሮ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያ የከፈተ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በውስጡ እንደ ቅስት የተዘረጋ የካርቦን ንብር አለ፤ በንብሩ ላይ ከበሩ ዘንግ ጋር አብሮ የሚዞር የብረት ጣት ይመላለሳል። ኮምፒዩተሩ በንብሩ አንድ ጫፍ 5 ቮልት ይልካል፤ ሌላው ጫፍ ከግራውንድ ጋር ይገናኛል፤ ጣቱ ካረፈበት ነጥብ የሚገኘው ቮልቴጅ በሦስተኛው ሽቦ ይመለሳል። በብዙ ሞተሮች በሩ ሲዘጋ ከ0.5 እስከ 1 ቮልት፣ ወለል ብሎ ሲከፈት ደግሞ ከ4 ቮልት በላይ ይነበባል።

ጣቱ ንብሩን በየቦታው እኩል አይበላውም። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና ሰልፍ መካከል የሚጓዝ ሹፌር ፔዳሉን በጥቂቱ እየነካ ስለሚለቅ፣ ጣቱ ቀኑን ሙሉ የሚመላለሰው በሩ ከተዘጋበት ነጥብ ጥቂት ከፍ ባለው ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ንብሩ የሚያልቀውም እዚያው ነው። ስለዚህ በሰፊ ጎዳና በፍጥነት ሲሄድ ደህና የሆነ፣ በሰልፍ ውስጥ ግን የሚደናቀፍ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮውም ማርሽ ለመቀየር የሚያመነታ መኪና ሲመጣ ጠቋሚውን መጠርጠር ተገቢ ነው። ሌላም ምልክት አለ። ብዙ ኮምፒዩተሮች ሞተሩ በሚነሣበት ጊዜ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ከተነገራቸው፣ ሞተሩ በቤንዚን ጠጥቶ እንደሆነ በመገመት መርጨታቸውን ያቆማሉ። እንግዲህ ጠቋሚው ያለማቋረጥ «ክፍት ነው» እያለ ከዋሸ፣ ሞቶሪኖው በደንብ እያዞረ፣ ካንዴላውም እሳት እየሰጠ ሞተሩ አይነሣም።

መጠርጠር ግን መለወጥ አይደለም። ቁልፉ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ሶኬቱም ሳይነቀል በስተጀርባው በኩል በቴስተር ይለካል። (የሽቦውን ሽፋን በመርፌ መብሳት የዛሬን ምርመራ ያቀላል፤ ለሚመጣው ክረምት ግን ዝገት ያስቀምጣል።) 5 ቮልቱ ከሌለ ወይም ካነሰ ጥፋቱ የጠቋሚው ላይሆን ይችላል፤ ያንኑ 5 ቮልት የሚጋሩ ሌሎች ሴንሰሮች ስላሉ አንዱ ውስጡ ከተነካካ ሁሉንም ይዞ ይወርዳል። ሶኬታቸውን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቮልቱ የሚመለስበትን ማየት ነው። ቀጥሎ በጠቋሚው የግራውንድ ሽቦና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ይለካል፤ ከ0.1 ቮልት በላይ ከተነበበ ግራውንዱ ደክሟል ማለት ነው። ይህ ልኬት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እርሱ ነው። ግራውንዱ የደከመበት ጠቋሚ በሩ ተዘግቶ እያለ በከፊል የተከፈተ አስመስሎ ይናገራል፤ አዲስ ቢገጠምም ያንኑ ይደግማል።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ምልክቱ ሽቦ የሚኬደው። በሩ እጅግ በዝግታ ይከፈታል፤ ቮልቴጁም ሳይቆራረጥና ወደ ኋላ ሳይመለስ መውጣት አለበት። ርካሽ ዲጂታል ቴስተር በሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሚያነብ ለቅጽበት የሚጠፋውን ምልክት ያልፈዋል። ኦሲሎስኮፕ ያለው ጋራዥ በእርሱ ይጠቀም፤ የሌለው ግን በመሳቢያ ውስጥ የተጣለውን አሮጌ ባለ መርፌ ቴስተር ያውጣ፤ መርፌው ንብሩ ባለቀበት ቦታ ላይ ሲዘል ይታያል። ጠቋሚውን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግና ሽቦውን ማወዛወዝም የተደበቀውን ያወጣል።

በመሣሪያው ስክሪን ላይ የሚወጣው ቁጥርም ያሳስታል። ፔዳሉ ሳይረገጥ 12 ወይም 15 በመቶ የሚል ንባብ ሲታይ «ዜሮ መሆን ነበረበት» ተብሎ ጠቋሚው የተፈረደበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። መሣሪያው የሚያሳየው ከ5 ቮልቱ ላይ ያለውን ድርሻ ስለሆነ 0.6 ቮልት 12 በመቶ ሆኖ ቢነበብ ጤና ነው። ፒ 0121 ደግሞ የጠቋሚው ቃል ከሌሎች ሴንሰሮች ቃል ጋር አልተስማማም ማለት ነው። ከሌሎቹ አንዱ የመግቢያ አየር ግፊት ሴንሰር ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ ሞተሩ ሳይነሣ የሚያነበው ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ነው። ለባሕር ወለል የተጻፈውን 101 የሚጠብቅ ሰው ደህናውን ሴንሰር ይነቅላል።

አሁንም በየመንገዱ የሚታየውን ባለ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ቶዮታ ኮሮላ እንውሰድ ቢባል፣ ጠቋሚው አራት ሽቦ አለው። አራተኛው በሩ ሲዘጋ ብቻ የሚገናኝ ማብሪያ ነው። በሞተሩ ክፍል ባለው የምርመራ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ ሲገናኙ የሞተሩ መብራት አራት ጊዜ፣ ጥቂት ቆይቶም አንድ ጊዜ ብልጭ ካለ 41 ማለት ነው፤ ይህም የስሮትል ጠቋሚውን መስመር ያመለክታል። በነዚህ መኪናዎች ላይ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሰው እጅ ሥራ ነው። በበሩ ዙሪያ ጥላሸት ሲከማች ሚኒሞው ይወርዳል፤ ሞተሩም ይጠፋል። ጥላሸቱን ማጽዳት ሲገባ የበሩ ማቆሚያ ብሎን በካቻቢቴ ይጠመዘዛል። ሚኒሞው ለጊዜው ይስተካከላል፤ ነገር ግን ማብሪያው ከእንግዲህ ስለማይገናኝ ኮምፒዩተሩ ፔዳሉ መለቀቁን አያውቅም። ቁልቁለት ሲወርድ ቤንዚን መቁረጡን ያቆማል፤ ባለመኪናውም መኪናው ቤንዚን ፈጀ ብሎ ይመጣል። መድኃኒቱ በሩን ማጽዳት፣ ብሎኑን ወደ ቦታው መመለስ፣ ከዚያም የጠቋሚውን ሁለት ብሎኖች አላልቶ በአምራቹ መጽሐፍ በተሰጠው የስፔሰር ልክ ማስተካከል ነው፤ መለዋወጫ አይጠይቅም።

ኬብሉ ቀርቶ በሩ በኤሌክትሪክ ሞተር በሚከፈትባቸው አዳዲስ መኪናዎች ላይ ጠቋሚው ሁለት ሆኗል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ፔዳሉ ሳይረገጥ አንደኛው ከ0.5 እስከ 1.1፣ ሁለተኛው ከ2.1 እስከ 3.1 ቮልት ይሰጣል፤ በሌሎች አምራቾች ደግሞ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ፒ 2135 ይመዘገባል፤ ኮምፒዩተሩም ለበሩ ሞተር የሚሰጠውን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል፤ መኪናውም እየተንፏቀቀ ዳር ለመያዝ ብቻ ይበቃል። ከነዚህ ጠቋሚዎች ብዙዎቹ በማግኔት የሚሠሩ ስለሆኑ በኦም መለካት ምንም አይነግርም። ቁልፉ ተከፍቶ ሳለም በበሩ ውስጥ ጣት ማስገባት አደገኛ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያሉት መኪናዎች ይበልጥ እንደሚያረጁ ይጠበቃል፤ ያረጀ ሽቦና ያለቀ ንብርም አብሮ ይበዛል። በአንጻሩ በሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይ የአየር በር ባይኖርም፣ የፔዳሉ ጠቋሚ ግን ሁለት ምልክት እየሰጠ ይሠራል። እዚያም መጀመሪያ የሚለካው የሚመጣለት ቮልቴጅና ግራውንዱ ነው፤ ምልክቶቹ ከዚያ በኋላ ይከተላሉ። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ወፍራም ሽቦዎች የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ስለሆኑ፣ ለዚህ ምርመራ እነርሱን መንካት ፈጽሞ አያስፈልግም።