ቀላልነት በሳይንሳዊ አስተሳሰብ ታሪክ፦ መነሻ እንጂ ማስረጃ አይደለም



አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «ቀላል» የሚለው ቃላችን ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይሸከማል፦ የማይከብደውን ዕቃ፣ የማያስቸግረውን ሥራ፣ ያልተወሳሰበውን አሠራር። ስለ ሳይንስ ስንናገር ሁለተኛውና ሦስተኛው ይምታቱብናል። የዛሬው ንግግሬ ስለ ሦስተኛው፣ ማለትም ከጥቂት መነሻ ሐሳቦች ተነሥቶ ብዙ ነገር ስለሚያስረዳ ማብራሪያ ነው።

በማብራሪያ ላይ አላስፈላጊ ነገር አይጨመር የሚለው መርሕ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው እንግሊዛዊ ፈላስፋ በዊልያም ኦካም ስም ይታወቃል፤ ሐሳቡ ግን ከእርሱ በፊት በአርስቶትል ጽሑፎችም ይገኛል። ለመሆኑ ቀላልነት የእውነት ማስረጃ ነውን? ለዚህ ጥያቄ ከሥነ ፈለክ ታሪክ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ኒኮላስ ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ ፀሐይን በመካከል አድርጎ ምድርን ከፕላኔቶች እንደ አንዷ ሲቆጥር፣ ከቶለሚ የተወረሰውን ውስብስብ ሥርዓት በአንድ ጊዜ አቃለለው ሲባል እንሰማለን። ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ኮፐርኒከስ የሰማይ አካላት በክብ መንገድ ይዞራሉ የሚለውን ጥንታዊ እምነት ስላልተወ፣ በክበብ ላይ የሚዞሩ ትንንሽ ክበቦችን መጨመር ግድ ሆነበት፤ የክበቦቹ ብዛት እምብዛም አልቀነሰም፣ ትንበያውም ከቀድሞው ብዙ አልተሻለም። ትርፉ ሌላ ነበር። ፕላኔቶች አልፎ አልፎ ወደ ኋላ የሚመለሱ መስለው መታየታቸው፣ ሜርኩሪና ቬኑስም ከፀሐይ ርቀው አለመታየታቸው፣ በቶለሚ ሥርዓት ለየራሳቸው ማስተካከያ የሚሹ ጉዳዮች ነበሩ፤ በአዲሱ ሥርዓት ግን ሁለቱም ከሥርዓቱ አወቃቀር በቀጥታ የሚከተሉ ሆኑ።

ሆኖም ይህ ማስረጃ አልነበረም። ታይኮ ብራሄ «ምድር ፀሐይን የምትዞር ከሆነ የከዋክብት አቀማመጥ በዓመቱ ውስጥ በመጠኑ ሲለዋወጥ መታየት አለበት» የሚል ሙግት አነሣ፤ በመሣሪያዎቹም ለውጡን አላገኘም። ሙግቱ ትክክል ነበር። ለውጡ ግን እጅግ ጥቃቅን በመሆኑ ፍሪድሪክ ቤሴል ለክቶ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1838 ነው።

ዮሐንስ ኬፕለር በታይኮ ምልከታዎች ተጠቅሞ የማርስን መንገድ ሲያሰላ፣ በክብ ምሕዋር ላይ የተመሠረተው ስሌቱ ከምልከታው በ8 የቅስት ደቂቃ ያህል ተለየበት፤ ይህም ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ሩብ ገደማ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ተጨማሪ ክበብ ቀጥሎ ልዩነቱን በሸፈነው ነበር። ኬፕለር ግን የታይኮን ልኬት ስላመነ ክቡን ራሱን ተወ፤ እ.ኤ.አ. በ1609ም ኢሊፕስ የተባለውን ሞላላ ምሕዋር አቀረበ። ከሁሉ ቀላል ይባል የነበረውን ቅርጽ በመተዉ፣ በክበብ ላይ የተደራረቡት ክበቦች ሁሉ አላስፈላጊ ሆኑ። አንዱ ክፍል ከበፊቱ ሲከብድ ሥርዓቱ በጠቅላላው ቀለለ።

መጨመር ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለቴ ግን አይደለም። የኡራኑስ እንቅስቃሴ ከኒውተን ሕግ ያፈነገጠ ሲመስል፣ ፈረንሳዊው ለቬሪዬ ሕጉን ከመለወጥ ይልቅ ያልታየ ፕላኔት አለ ብሎ ቦታውን አሰላ። እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1846 በርሊን ላይ ኔፕቲዩን ከተተነበየው ሥፍራ ከ1 ዲግሪ ባነሰ ርቀት ተገኘ። ያው ሰው በ1859 በሜርኩሪ ምሕዋር ላይ ተመሳሳይ መዛባት አስታወቀና እንደገና ያልታየ አካል መኖሩን ገመተ። ቩልካን የተባለው ይህ ፕላኔት ለዓመታት ተፈለገ፤ አልተገኘም። በክፍለ ዘመን 43 የቅስት ሰከንድ የሚሆነውን ይህን መዛባት አልበርት አንስታይን በኅዳር 1915 በአዲስ የስበት ንድፈ ሐሳብ አስረዳ። ንድፈ ሐሳቡ እርስ በርስ የተሳሰሩ 10 እኩልዮሾች ያሉት፣ ለስሌት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን ለሜርኩሪ ተብሎ የተጨመረ አንድም ቁጥር የለበትም። ለሥራ ቀላል ያልሆነ ነገር በመሠረቱ ቀላል ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

እንግዲህ ኔፕቲዩንና ቩልካን የተወለዱት ከአንድ ዓይነት አስተሳሰብ፣ ከአንድ ሰው ብዕር ነው። በወረቀት ላይ ሳሉ በቀላልነት የሚበላለጡ አልነበሩም። የለያቸው ቴሌስኮፑ ነው። ስለዚህ ቀላልነት ፍለጋውን ከየት እንደምንጀምር ይነግረናል፤ የት እንደምንደርስ ግን አይነግረንም።

ውድ ተማሪዎች፣ መረጃችሁ ከሞዴላችሁ ጋር አልስማማ ሲል አንድ ተለዋዋጭ መጨመር ሁልጊዜ ይቻላል። በቂ ተለዋዋጮች ያሉት ቀመር በእጃችሁ ባሉት ነጥቦች ሁሉ ላይ ያልፋል፤ ቀጣዩን ነጥብ ግን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ከመጨመራችሁ በፊት ጠይቁ፦ ይህ የምጨምረው ነገር ከተጨመረበት ምክንያት ውጭ ሌላ ምን ይተነብያል? የትስ ሄጄ ልፈትነው እችላለሁ? መልስ ካለው እንደ ኔፕቲዩን ፈልጉት፤ ካልተገኘም እንደ ቩልካን ልቀቁት። መልስ ከሌለው ግን ኬፕለር ያልቀጠለው ያ ተጨማሪ ክበብ ነው።