ጎርፍ ሰውን እንዴት ያነሳል?

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የምትገኙ፣ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጥራችሁ አሁን ንባብ የጀመራችሁ፣ በተለይ ለእናንተ ነው የምናገረው። ይህ ንግግር በኋላ ታትሞ ይደርሳችኋል። ቁጥር ስጠራ ቢያመልጣችሁ አትጨነቁ። ከወረቀቱ ላይ ቀስ ብላችሁ ታነቡታላችሁ።

ዛሬ ስለ ውሃ እንነጋገራለን። ስለሚጠጣው ሳይሆን ስለሚያነሳውና ስለሚወስደው ውሃ ነው።

የሮቢን ወንዝ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። በበጋ ልጅ ይሻገረዋል። ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ፣ ጫማ ሳያርሱ ማለፍ ይቻላል። በክረምት ግን ሌላ ወንዝ ይሆናል። ዝናቡ ከላይ፣ በደብረ ሲና በኩል ባሉት ተራሮች ላይ ይጥላል። እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ፣ መሬቱ ደርቆ ሳለ ጎርፉ እያጓራ ይደርሳል። የጀወሃም ነገር እንዲሁ ነው። በእግሩ አቋርጦ ሰንበቴ ገበያ የሄደ ሰው ማዶ ይቀራል። አንዳንዱ ግን ማደር አይፈልግም። "ወገብ አይደርስም" ብሎ ይገባል።

እኔም ገብቻለሁ። ከመምህራን ማሰልጠኛ ተቋም ወጥቼ ማስተማር በጀመርኩበት በሁለተኛው ዓመት ነው። የተማሪዎች የፈተና ወረቀት በፌስታል ጠቅልዬ፣ በራሴ ላይ ተሸክሜ ነበር። ውሃው ጉልበቴ ላይ ሲደርስ አልፈራሁም። ታፋዬ ላይ ሲደርስም አልፈራሁም። እምብርቴ ጋ ሲደርስ ግን እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነብኝ። መሬቱን እረግጣለሁ፤ መሬቱ ግን አይዘኝም። ማዶ ከብት የሚጠብቁ አንድ ገበሬ ሽርጣቸውን ሰብስበው ወደ ዳር ገቡና ዱላቸውን ዘረጉልኝ። እኔ ወጣሁ፤ ወረቀቱ ሄደ። ልጆቹ እንደገና ተፈተኑ፤ አንዳንዶቹም እስከ ዛሬ ይህን አልረሱልኝም።

በዚያው ሳምንት በማታው ክፍል ይህንን ለጎልማሳ ተማሪዎቼ አጫወትኳቸው። አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና፣ "ልጄ፣ ውሃ እኮ በእጅ አይጨበጥም። ታዲያ ይህን የመሰለ ጎልማሳ በምን ጉልበቱ ያነሳዋል?" አሉኝ። ወዲያው መልስ አልሰጠኋቸውም። መልሱን ተቋም ሳለሁ ተምሬው ነበር። ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከሰሌዳው ወርዶ ወንዝ ውስጥ ያለ ነገር መሆኑን ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ጥያቄውን በጥያቄ መለስኩላቸው። "እማማ፣ ከጉድጓድ ውሃ ሲቀዱ ባልዲው የሚከብድዎት መቼ ነው?"

"ከውሃው ሲወጣ ነዋ!" አሉ።

እናንተም ይህን ታውቃላችሁ። ባልዲው ሞልቶ ውሃው ውስጥ ሳለ ገመዱ ለእጅ ይቀላል። ከውሃው ፊት ብቅ እንዳለ ግን ክንድ ይጎትታል። ባልዲው ውስጥ የተጨመረ ነገር የለም። 20 ሊትር ከሆነ ያው 20 ሊትር ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 20 ኪሎ ነው ማለት ነው። ውሃው ውስጥ ሳለ ይህን 20 ኪሎ የተሸከመላችሁ ሌላ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ውሃ ነው።

እንዴት ተሸከመው? ይህን ለማየት የማትፈልጉትን አሮጌ ጀሪካን ውሰዱ። በጎኑ ላይ በምስማር ሦስት ቀዳዳ ብሱ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከመካከል፣ አንዱ ከታች አጠገብ። ውሃ ሙሉበት። ከላይኛው ቀዳዳ የሚወጣው ውሃ ደከም ብሎ ይወርዳል። ከታችኛው የሚወጣው ግን በኃይል ይፈናጠራል። የታችኛው ውሃ የላይኛውን ውሃ ተሸክሟል። የተሸከመም ነገር ይገፋል። ይህ ግፊት ይባላል። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። በ10 ሜትር ጥልቀት፣ አንድ የጣት ጥፍር በምታህል፣ ጎንና ጎኗ 1 ሴንቲ ሜትር በሆነች ቦታ ላይ ውሃው የ1 ኪሎ ያህል ጫና ያደርጋል። በ100 ሜትር ጥልቀት በዚያችው ቦታ ላይ 10 ኪሎ ያህል ይሆናል። ሮቶ ከፍ ባለ ማማ ላይ የሚሰቀለው ለዚህ ነው፤ ከፍታው ነው ውሃውን ወደ ቧንቧው የሚገፋው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የህዳሴ ግድብም ከ140 ሜትር በላይ ቁመት አለው። ግንቡ ከላይ ይልቅ ከታች እጅግ ወፍራም ሆኖ የተሠራው ያን ሁሉ ግፊት እንዲችል ነው።

ውሃ የሚገፋው ወደ ታች ብቻ አይደለም። ወደ ጎንም፣ ወደ ላይም ይገፋል። ባዶ ሳፋ በውሃ ላይ አስቀምጡና በእጃችሁ ወደ ታች ተጫኑት። መልሶ እጃችሁን ይገፋል። አሁን አንድ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ አስቡ። የድንጋዩ ታች ከድንጋዩ ላይ ይልቅ ጥልቅ ቦታ ነው። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ የሚገፋው ግፊት፣ ከላይ ወደ ታች ከሚጫነው ይበልጣል። ይህ ብልጫ ድንጋዩን ሽቅብ ያነሳዋል።

ስንት ያህል ያነሳዋል? ይህን ያገኘው ከዛሬ 2200 ዓመት ገደማ በፊት ሲራክዩስ በምትባል ከተማ የኖረ አርኪሜድስ የሚባል የግሪክ ሊቅ ነው። እስከ አፉ የሞላ ሳፋ ውስጥ ድንጋይ ብታስገቡ ውሃ ይፈስሳል። የፈሰሰውን ውሃ ሰብስባችሁ መዝኑት። ድንጋዩ ውሃ ውስጥ ሲሆን የሚቀልለት ክብደት ልክ የዚያን የፈሰሰውን ውሃ ያህል ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

እንግዲህ አንዱ ነገር የሚሰጥመው፣ ሌላው የሚንሳፈፈው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገኛል። እኩል ቦታ የሚይዙ ሁለት ነገሮች እኩል አይመዝኑም። 1 ሊትር ዘይት 920 ግራም ያህል ነው፤ ከውሃ ይቀልላል፤ ስለዚህ ከላይ ይሆናል። ቅቤም ሲናጥ ከአሬራው ላይ የሚሰበሰበው በዚሁ ምክንያት ነው። 1 ሊትር ማር ግን 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይሰጥማል። ይህ የነገሮች መጠቅጠቅ በትምህርት ቤት እፍግታ ይባላል። ቃሉ ይከብዳል እንጂ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ማሽላ ወይም ማሾ ውሃ ውስጥ ስትጨምሩ የነቀዘው ይንሳፈፋል፤ ነቀዝ ውስጡን በልቶታልና ቅርፊቱ ብቻ ቀርቷል። ይህ በእፍግታ መለየት ነው።

የሰው አካል እፍግታ ደግሞ ከውሃ ጋር ተቀራራቢ ነው። አየር ስቦ ደረቱን ሲነፋ ከውሃ ትንሽ ይቀልላል፤ ሲያስወጣ ትንሽ ይከብዳል። አሁን ወደ ወንዙ እንመለስ።

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወንዝ ገባ እንበል። እስከ እምብርቱ ሲደርስ ግማሽ ያህል አካሉ ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ውሃው 30 ኪሎ ያህሉን ተሸክሞታል። እግሩ መሬት የሚረግጠው በ30 ኪሎ ብቻ ነው። እስከ አንገቱ ቢገባ እግሩ ላይ የሚቀረው 6 ኪሎ ያህል ነው። ይህ የአንድ ሕፃን ክብደት ነው። ባዶ ጋሪ ጭቃ ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት አይታችኋል። ጭነት ሲኖረው መሬት ይይዛል። ሰውም እንዲሁ ነው፤ መሬትን የሚይዘው በክብደቱ ነው። የእኔም እግር የሌላ ሰው እግር የሆነብኝ ለዚህ ነው። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። መሬት የምንይዝበት ክብደት ይቀንሳል፤ ውሃው የሚገፋው አካላችን ደግሞ ይበዛል።

በዚያ ላይ የውሃው ፍጥነት አለ። የጎርፍ ፍጥነት በእጥፍ ቢጨምር የሚገፋን ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ጠዋት የተሻገርነው ወንዝ ከሰዓት በኋላ ጥልቀቱ ያው ቢመስልም ሊወስደን የሚችለው ለዚህ ነው። ጎርፉም ጥሩ ውሃ አይደለም። አፈር ስላለበት እፍግታው ከጠራ ውሃ ይበልጣል፤ የበለጠ ያነሳል። ድንጋዩም ውሃ ውስጥ ይቀልላል። 10 ኪሎ የሆነ ድንጋይ ውሃ ውስጥ 6 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። በሮቢ ወንዝ አሸዋ ላይ የምናየውን ያን ሁሉ ድንጋይ ከተራራ ያወረደው ይኸው ነው። በጎርፍ ውስጥ የቆመ ሰው ይህ ድንጋይ ቁርጭምጭሚቱን ይመታዋል፤ ውሃው ደፍርሶ ስለሆነ አያየውም።

ይህን ስናገር አንድ አዛውንት ተማሪዬ ሳቁ። "አባቴ ወንዝ ሲሻገር በትከሻው ድንጋይ ይይዝ ነበር። እኛ ጅል ነው እንል ነበር" አሉ። ጅል አልነበሩም። ከውሃ በላይ ያለ ድንጋይ ክብደቱ አይቀንስም፤ ሙሉ ክብደቱን ለእግር ይሰጣል። ፊደል ሳይቆጥሩ አርኪሜድስ ጋ ደርሰዋል። ሆኖም ይህን አድርጉ አልልም። ሰውዬው ከወደቀ ድንጋዩ አብሮ ይዞት ይወርዳል።

መኪናም ያው ነው። አንዲት ትንሽ መኪና 1200 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ወለሏ 4 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ቢሆን፣ ወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያነሳት ኃይል 1200 ኪሎ ይሆናል። ጎማዋ መሬት መያዙን ይተዋል። ባጃጅማ ከዚያም ትቀልላለች። "ብረት ነው፣ አይነሳም" የሚል ሾፌር ቢያጋጥማችሁ ከባጃጁ ውረዱ።

እንደ እኛው ቆላ የሆነችው ድሬዳዋ ይህን በመራር መንገድ አይታለች። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይነግድበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በደጋው የዘነበው ዝናብ ሰው ተኝቶ ሳለ ደረሰ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

እንግዲህ ወንዙ ሲመጣ ጉልበት ከደረሰ አትግቡ። የቆላ ጎርፍ በአብዛኛው በጥቂት ሰዓት ይጎድላል። ዳር ላይ ድንጋይ ወይም እንጨት አቁማችሁ ምልክት አድርጉ፤ ውሃው ምልክቱን ጥሎ ሲወርድ ታያላችሁ። ከብት የምትጠብቁ ልጆች ላሟ ስለተሻገረች አትከተሉ፤ ላሟ ትዋኛለች፣ አራት እግርም አላት።

ሰው ተወስዶ ብታዩ ዘላችሁ አትግቡ። ገመድ፣ ዱላ ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ወርውሩለት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ባዶውን 1 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ 19 ኪሎ ያህል ያነሳል። ሰው ራሱን ከውሃ በላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው 5 ኪሎ ያህል ነው። ክዳኑ ክፍት ከሆነ ግን ውሃ ይሞላና አይጠቅምም። ክዳኑን አትርሱ። የተወሰደው ሰው ደግሞ ጀሪካኑን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ወደፊት፣ ወደ ውሃው መሄጃ ያድርግ። ድንጋይ ቢያጋጥመው በራሱ ሳይሆን በእግሩ ይነካዋል።

ለሚቀጥለው ጊዜ የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። አንድ ትኩስ እንቁላል በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ፤ ይሰጥማል። ጨው በማንኪያ እየጨመራችሁ አማስሉ። ጨው የውሃውን እፍግታ ስለሚጨምር እንቁላሉ ከጊዜ በኋላ ይነሳል። በአፋር በኩል ባለው በአሳሌ የጨው ሐይቅ ሰው ሳይዋኝ የሚንሳፈፈው በዚሁ ምክንያት ነው። እንቁላሉ በስንተኛው ማንኪያ እንደተነሳ በደብተራችሁ ላይ በቁጥር ጻፉ። ከእንቁላሉ በኋላ ትንሽ ድንጋይም ሞክሩ፤ ተነሳ ወይስ አልተነሳም ብላችሁ ጻፉ። የማታው ክፍል ስትመጡ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ደህና እደሩ።