ፊርማችን የት ይውላል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ ቁጥሩን አንደግመውም። ዛሬ የምናነሳው ዘንድሮ ብዙ ያነጋገረንን ጉዳይ፣ ማለትም ዕቅድና ምክክርን ነው።

ሰኔ 30 ከእኛ መዝገብ ጋር የሌላ ትልቅ ቤት መዝገብም ይዘጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሥራ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ይቆያል። በእነዚህ ወራት አብዛኛው የምርመራ ሥራ የሚሠራው በቋሚ ኮሚቴዎች ነው። የበጀት ረቂቁን የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ይመረምራል። ዋናው ኦዲተር ጉድለት ያገኘባቸውን መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ጠርቶ ይጠይቃል። ኃላፊው ይመልሳል፣ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይያዛል። ሒሳብ ለሚሠራ ሰው ይህ የታወቀ መንገድ ነው።

ምክክርም ሕግ አለው። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 35 ደግሞ በተለይ የሴቶችን ጥቅም በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሴቶች ሐሳባቸውን በተሟላ ሁኔታ እንዲሰጡ መብታቸው መሆኑን ለይቶ ይናገራል።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ከእንጦጦ በላይ ምስክር የለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ማገዶ አበላት። ያንን ማገዶ በጀርባቸው ያወረዱት ግን ሴቶች ናቸው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1983 ዓ.ም. ገደማ ባሳተመው ጥናት ስለ እነዚሁ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ተጽፏል። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ ደግሞ ተራራው ሌላ መልክ ያዘ። ተራራው ለከተማው ሳንባና መዝናኛ ነው፤ ለተሸካሚዋ ደግሞ የዕለት ጉርሷ ነበር። ሁለቱን የሚያስታርቅ ዕቅድ የሚወጣው ተሸካሚዋ ከወዲሁ ስትጠየቅ ብቻ ነው።

ዘንድሮ እኛም ለአንድ የውይይት መድረክ ተጠርተን ነበር። ቀኑ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ አባሎቻችን ገበያ ላይ የሚሆኑበት ሰዓት። ከኮሚቴው ሦስት ሆነን ሄድን። ገና በር ላይ የመገኘት ፊርማ ፈረምን። ንግግሩ ረዘመ፣ ሻይ ጠጣን፣ ሊያልቅ ሲል ሁለት ጥያቄ ጠየቅን። በኋላ ያየነው ማጠቃለያ ግን «ተሳታፊዎች ዕቅዱን ደግፈዋል» ይላል፤ ጥያቄዎቻችን የሉም። አባሪው የእኛው ፊርማ ነው። ደረሰኝ ሳናነብ አንፈርምም የምንል ሰዎች ባዶ ወረቀት ላይ እንደፈረምን ተሰማን።

ተቆጥተን ተመለስን። ቁጣችን ሳይበርድ ግን አንዲት እናት፣ «እናንተስ ሱቁን ስታዛውሩ ማንን ጠየቃችሁ?» አሉን።

እውነታቸውን ነው። የመሸጫ ሱቃችንን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ መገናኛ ያዛወርነው በሥራ አመራር ኮሚቴው ብቻ ወስነን ነው። የስድስት ወር ኪራይ ከፍለን ከጨረስን በኋላ አባላትን ሰብስበን «አስተያየት ስጡ» አልን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። በወረቀት ላይ ሽያጩ ያዋጣ ነበር። ከእንጦጦ ሥር የሚመጡት አባላት ግን ሁለት ታክሲ መያዝ ስላልቻሉ ከሽያጭ ተራቸው ቀሩ፤ ከተራው ጋር የድርሻቸው ገቢም ቀረ። የታክሲው ብር በእኛ መዝገብ ውስጥ ስላልነበረ አላየነውም። ለዚህ ዛሬ በፊታችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ማንኛውም ዕቅድ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት እሑድ ከሰዓት፣ ሁሉም በሚመችበት ጊዜ፣ ማንበብ ለማይችሉም ጭምር በንባብ ይሰማ። ሁለተኛ፣ የመገኘት ፊርማና የስምምነት ፊርማ በተለያየ ወረቀት ላይ ይሁኑ። ሦስተኛ፣ የተጠየቀ ጥያቄ ሁሉ ከጠያቂዋ ስም ጋር በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ በ15 ቀን ውስጥም መልስ ይሰጠው። ከሱቁ ተራ የቀሩት አባላት ጉዳይ በዚሁ መንገድ የመጀመሪያው አጀንዳ ይሁን።

ምክር ቤቱ ሲዘጋ ተመራጮች ወደ መራጮቻቸው ይወርዳሉ። በመራጭና ተመራጭ ውይይት ላይ እኛም እንገኛለን፤ ይህንኑ እንጠይቃለን። ቤታችን ውስጥ ያልሠራነውን ከሌላ ብንጠይቅ ግን አፋችን ይከብዳል። ከራሳችን እንጀምር።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርታችንን ስትቀበሉ ስንት ሰው ተገኘ ብላችሁ ብቻ አትለፉን። ስንት ጥያቄ ቀረበ፣ ስንቱስ ተመለሰ ብላችሁ ጠይቁን።